ከወንበር ሳይነሱ፦ አዎ

ማርሊስ ሃውታላ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። አርባ ስምንት ልጅ ከኋላዋ እየጮኸ፣ ከፊቷ መንገዱ መስታወት በሚመስል በረዶ ተሸፍኖ መሪ መጨበጥ የለመደ ሰው በቀላሉ አይደነግጥም። በቀላሉ ግን ይቆጣል። በካናዳዋ ተንደር ቤይ ከተማ ማርሊስን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የመንገድ ጠራጊዎቹ ያውቃሉ፣ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ያውቃል፣ ሁለቱ የቀድሞ ርእሳነ መምህራንማ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩዋት ይሻገራሉ። የዚያ የየካቲት ማክሰኞ ቁጣዋ ግን ከወትሮው የተለየ ነበር፤ ውሸታም ተብላለች።

ማርሊስ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤቷ ተቀምጣ የቪአር ጨዋታ ትገመግማለች። ያን ዓይን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም መነጽር ጭንቅላቷ ላይ ታስርና፣ መቆጣጠሪያዎቹን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ሳሎኗ ውስጥ ስትዋጋ፣ ስትቀዝፍና ካዝና ስትሰብር ትውላለች። ከዚያ ያየችውን «ክፍት ክፍል» ለሚባል ድረ ገጽ ትጽፋለች። ባለፈው ሐሙስ የወጣው ጽሑፏ «የጨው መብራት» ስለሚባል፣ በባሕር ጠረፍ ስላለ የመርከብ መሪ መብራት ጠባቂ ስለተሠራ ጨዋታ ነበር። ከአሥር ስምንት ሰጥታዋለች። ከጽሑፉ ሥር፣ አስተያየት መስጫው ላይ፣ ኤልዊን ፕሩደን የሚባል፣ ማኒቶባ ውስጥ ፍሊን ፍሎን የምትባል የማዕድን ከተማ ሰው ይህን ጽፎ አገኘች፦

«ሴትዮ፣ ‹ከወንበር ሳይነሱ መጫወት ይቻላል፦ አዎ› ብለሻል። እኔ የምኖረው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ሰጥሜ ሞትኩ። ወይ አልተጫወትሽውም፣ ወይ ትዋሻለሽ።»

ሌላ ገምጋሚ ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ማርሊስ ግን ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ ያቺ «ከወንበር ሳይነሱ» የምትል መስመር የእሷ ናትና። በደሟ ነው ያመጣቻት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታ ገበያ ላይ ሊወጣ ስምንት ቀን ሲቀረው አምራቾቹ ለገምጋሚዎች መክፈቻ ኮድ ይልካሉ። ከኮዱ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት አለ፤ ጨዋታው ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሆድ ያገላብጥ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ቁጭ ብሎ መጫወት ይቻል እንደሆነ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፎ ያለቀ ነው። ገምጋሚዎቹ አብዛኞቹ ጉልበታቸው ያልተነካ ልጆች ናቸው። ቆመው ይጫወታሉ፣ ቆመው ይዘላሉ፣ ቆመው ይጨርሳሉ። ጽሑፉ የሚወጣበት ሰዓት አፍንጫቸው ሥር ሲደርስ ከጽሑፉ ግርጌ ባለችው ሳጥን ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻ መስመር ከአምራቹ ወረቀት ላይ ገልብጠው «ቁጭ ብሎ መጫወት፦ ይቻላል» ይላሉ። ከመካከላቸው አንድም የተቀመጠ የለም! አንባቢውም ቢሆን ስምንት ነው ስምንት ተኩል ነው ብሎ ሲቧቀስ ይውላል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ወደ ታች የሚወርዱት መቆም የማይችሉት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ማንበብ የሚጀምሩት ከዚያች መስመር ነው።

ማርሊስ ከእነሱ አንዷ ናት። ጉልበቶቿን የአውቶቡሱ ደረጃና የሰሜኑ ክረምት ተካፍለው በልተዋቸዋል፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አትቆምም። የዛሬ አምስት ዓመት «ይቻላል» የተባለ ጨዋታ ገዝታ፣ ጨዋታው ውስጥ መሬት ላይ የወደቀ ቁልፍ ላንሳ ብላ ከወንበሯ ስታጎነብስ፣ መነጽሩ ዓይኗን ጋርዶት ኖሮ በግንባሯ የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ መታችው። አራት ስፌት። ከሐኪም ቤት እንደተመለሰች ከግምገማው ሥር የጻፈችው ስድብ ከግምገማው ራሱ ይረዝም ነበር። የድረ ገጹ አዘጋጅ ቶቢን በማግስቱ ደወለላት።

«እንዲህ ከሆነ ለምን አንቺ አትጽፊውም?» አላት።

«እጽፈዋለሁ!» አለችው።

ጻፈችውም። ከዚያ ወዲህ ጨዋታን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከወንበሯ ሳትነሳ ካልጨረሰች በቀር «አዎ» ብላ አታውቅም። «ከወንበሬ ሳልነሳ ጨረስኩት» የሚለው ዓረፍተ ነገሯ በተጫዋቾቹ ዘንድ የታወቀ ሆነ፤ አንባቢዎችም «የወንበሯ ሴትዮ» ይሏታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የደከመችበትን ነገር አንድ መልኩን የማታውቀው ሰው ተነስቶ ውሸት ነው አለ።

ደሟ እንደፈላ መለሰችለት፦

«ስማ ኤልዊን። ጨዋታውን ስድስቱንም ምዕራፍ ከወንበሬ ሳልነሳ ጨርሼዋለሁ። የእጅህን ድክመት በጨዋታው ላይ አታሳብ።»

ልካ ስታበቃ ውስጧ ቀለል አላት። ረቡዕ ረፋድ ላይ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው መልሷን ወዶላታል። አንዳንዱም የራሱን ጨምሮበታል። አንዱ «ተለማመድ እንጂ አባባ» ብሏል። ሌላው «ዘጠኝ ጊዜ? መጀመሪያ ዋና ተማር» ብሎ ስቋል። ኤልዊን ፕሩደን ግን አንዲት ቃል አልመለሰም።

ከሰዓት በኋላ እህቷ ኢርያ፣ ሮዝ ቅባት የተለቀለቀውን፣ ፐርሺያን የሚሉትን የከተማውን ጣፋጭ ዳቦ በካርቶን ይዛ መጣች። የኢርያ ቤት አጥር ለአጥር ነው፤ በር አታንኳኳም።

«ያ ፊት መጣ ደግሞ» አለች ጫማዋን እያራገፈች። «ማነው ዛሬ?»

«ውሸታም አለኝ።»

«ማን?»

«አንድ የፍሊን ፍሎን ሰው።»

«ውይ! እዚህ ያሉት አልቀውብሽ ነው ማኒቶባ ድረስ የዘለቅሽው?»

«አትቀልጂብኝ። እዪው።»

ኢርያ መነጽሯን ከደረቷ አንስታ አነበበች። የሰውየውን አነበበች፣ የእህቷን መልስ አነበበች፣ ከሥር የተደረደረውን ፌዝም አነበበች። አልሳቀችም።

«ይሄ ሰውዬ ወንበሩ ክንድ፣ የእጅ ማሳረፊያ አለው?» አለች።

«ምን አገባኝ እኔን ስለ ወንበሩ ክንድ?»

«ጨዋታው ምን ያስደርጋል?»

«ክፍሉ በውሃ ይሞላል። ወገብሽ ላይ ቀበቶ አለ፤ በቀኝ ዳሌሽ መዶሻ፣ በግራ ባትሪ። መዶሻውን መዘዝ አድርገሽ የበሩን ማጠፊያ ትሰብሪያለሽ። ሕፃን ይሠራዋል!»

«አባባ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት መሀረቡን የት ነበር የሚይዘው?»

«ኢርያ፣ አሁን ስለ መሀረብ ነው የምታወሪኝ?»

«ደረት ኪሱ ውስጥ። እኔ ነኝ የማደርግለት። የሱሪ ኪሱ ውስጥ እጁን መክተት አይችልም ነበር። እጁ ምንም አልሆነም፤ የወንበሩ ክንድ ከጎንና ከጎኑ ግጥም ብሎ እጅ አያሳልፍም። አንቺ አውቶቡስ ላይ ስለነበርሽ አታስታውሺም» አለችና የማርሊስን መቀመጫ በእግሯ ገፋ አደረገችው። መቀመጫው እንደ እንዝርት ዞረ።

ማርሊስ የምትቀመጥበት ከተዘጋ የሴቶች ፀጉር ቤት ያገኘችው ክብ መቀመጫ ነው። ይሽከረከራል፤ መደገፊያ የለውም፤ ክንድ የሚባል ነገርም የለውም። አምስት ዓመት ሙሉ ጨዋታ ሲያስፈልጋት በአንድ እግሯ ጣት ነክታ ትዞራለች፤ እጆቿም ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የሚያግዳቸው የለም።

«ሞኝ አትሁኚ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሏል። «ወንበር ወንበር ነው።»

«እንግዲያው ሞክሪው።»

ከምግብ ጠረጴዛው ራስጌ ባለ ክንዱን ወንበር ጎተቱት። ማርሊስ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች፣ መነጽሩን አሰረች፣ ሦስተኛውን ምዕራፍ ከፈተች። ውሃው መጣ። እጇን ወደ ቀኝ ዳሌዋ ሰደደች፤ አንጓዋ ከእንጨቱ ጋር ተላተመ። ከክንዱ በላይ አልፋ ክርኗን ወደ ኋላ ጎትታ ልትደርስ ሞከረች፤ ጨዋታው እጇን አላገኘውም። ውሃው አገጯ ደረሰ። ሰጠመች። ሁለተኛ ጊዜ ገባች፤ ሁለት ጊዜ ወንበሩን መታችውና መዶሻው ከእጇ አመለጠ። ሰጠመች። ሦስተኛው ላይ ባትሪውን አወጣች፣ መዶሻውን ግን አልቻለችም።

«ወይ ጉድ፣ ወንበሩን ገደልሽው እኮ» አለች ኢርያ።

«ዝም በይ!»

አራተኛም ሰጠመች። መነጽሩን ስታወልቀው የቀኝ እጇ አንጓዎች ተልጠው ደም ቋጥረዋል። ኢርያም የምታውቃት እህቷ ናትና፣ ፐርሺያኗን ቆርሳ አቀረበችላት።

«አራት ጊዜ ሰጠምኩ» አለች ማርሊስ። «እኔ ጤነኛ እጅ ይዤ። ያንን ሰውዬ ደግሞ እጅህ ደካማ ነው አልኩት። ሁለት መቶ ሰው ፊት!»

በሰው ላይ መቆጣትን ታውቅበታለች፤ ተቆጥታ፣ ጮኻ፣ በር ወርውራ ይወጣላታል። በራሷ ላይ መቆጣትን ግን አልተማረችውም፤ የሚወረወር በር የለውም። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣባት። «የጨው መብራት» ብቻ አይደለም። ሁሉንም የተጫወተችው በዚያ ክብ መቀመጫ ላይ ነው። ኮምፒውተሯን ከፍታ ቆጠረች። «አዎ» ያለችባቸው ጨዋታዎች ዘጠና ስድስት ናቸው። የአምራቾቹን ወረቀት የሚገለብጡትን ልጆች ስትሰድብ ኖራ፣ እሷ ደግሞ ከራሷ መቀመጫ ላይ ስትገለብጥ ኖራለች።

ቶቢን ጋ ደወለች።

«ማርሊስዬ! አየሽ አይደል? የጨው መብራት ሰዎች እኮ ዓረፍተ ነገርሽን መሸጫ ገጻቸው ላይ ለጥፈውታል። ‹ከወንበሬ ሳልነሳ ጨረስኩት›፣ ከነስምሽ፣ በትልቁ!»

«አስነሳው።»

«ምን?»

«ውሸት ነው። ክንድ ባለው ወንበር አይሠራም። ሳጥኑን እቀይራለሁ። የጨው መብራትን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ በይ። ደንባችንን ታውቂዋለሽ፤ ግምገማ ከወጣ በኋላ አይነካም። ዛሬ አንዱን ከነካን ነገ አምራቹ ሁሉ ደውሎ ንካልኝ ይላል።»

«ነጥቡን ማን ነካው? ስምንቱን ቀቅለው ይብሉት! እኔ የምልህ ስለ መጨረሻዋ መስመር ነው።»

«መስመሯ ምን ትላለች? ከወንበር ሳይነሱ። ተነስተሻል? አልተነሳሽም። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

ማርሊስ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ትክ ብላ አየችው፤ ቶቢን እዚያ ውስጥ ቢሆን በዓይኗ ታቃጥለው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደዚህ የሚመልስልኝን መጨረሻ ወንበር ላይ ነበር የማስቀምጠው።»

«እሺ ሳቅኩ። ግን አስቢው እስቲ። ዘጠና ስድስት ግምገማ ላይ ‹አላውቅም› ብለሽ ብትጽፊ ማን ያምነናል?»

«ማንም እንዳያምነን ነው የምፈልገው!»

«እስከ ሰኞ ተረጋጊ። ሰኞ ቁጭ ብለን እናወራለን» አለና ተሰናበታት።

ማርሊስ እስከ ሰኞ የምትረጋጋ ሰው አይደለችም። የራሷን ጽሑፎች የምትከፍትበት የይለፍ ቃል አላት። መጀመሪያ ለኤልዊን የጻፈችውን አጠፋችና በቦታው «ተሳስቻለሁ። አቶ ፕሩደን ልክ ናቸው፤ የሳቃችሁባቸው ሁሉ ከእኔ ጋር አብራችሁ እፈሩ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ ሳጥኖቹ ሄደች። «አዎ»ን እየደለዘች «ክንድ በሌለው የሚሽከረከር መቀመጫ ብቻ ነው የሞከርኩት። በሌላ ወንበር አላውቅም» ብላ ተካች። አንዱን ጨርሳ ሌላውን፣ ሌላውን ጨርሳ ሌላውን። ኢርያ ቡና ቀድታ አጠገቧ አስቀመጠችላት፤ ቀዘቀዘ። የተላጠው እጇ በየፊደሉ ይጠዘጥዛታል፤ እሷም ይጠዝጥዘኝ አለች።

ሰባ አንደኛውን አስገብታ ሰባ ሁለተኛውን ስትከፍት ገጹ አልቀበልም አላት። የይለፍ ቃሏን ደገመችው። አልሠራም። ቶቢን ዘግቷታል። ሃያ አምስቱ «አዎ»ዎች ከነስሟ እዚያው ቀሩ፤ እሷ ደግሞ ከእንግዲህ ልትነካቸው አትችልም። በወላጆቿ ቋንቋ፣ በፊንላንድኛ የተናገረችውን እዚህ መጻፍ አይቻልም፤ ኢርያ እንኳ፣ እዚያው ቤት አድጋ፣ ቀና ብላ አየቻት።

«አባረረሽ?»

«ያባርረኝ! ግድ የለኝም። ሃያ አምስቱ ናቸው የሚያቃጥሉኝ።»

የዚያኑ ዕለት ኤልዊን ፕሩደንን አስተያየቱ ላይ ባለው ኢሜይሉ ስልክ ቁጥሩን ጠየቀችው። ሐሙስ ጠዋት መልስ ላከ፤ ቁጥር ብቻ ነው፣ ሰላምታ እንኳ የለውም። የምትለውን በወረቀት ላይ ጽፋ፣ ወረቀቱን ፊቷ ዘርግታ ደወለች።

«አቤት።»

«አቶ ፕሩደን? ማርሊስ ሃውታላ ነኝ፣ ከተንደር ቤይ።»

«እ። የወንበሯ።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የደወልኩት። ጨዋታውን ክንድ ባለው ወንበር ሞከርኩት። አራት ጊዜ ሰጠምኩ። ያልኩዎት ነገር ነውር ነበር።»

በወዲያኛው በኩል ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ሰውየው አጥፍቶት መሆን አለበት።

«አራት ጊዜ?»

«አራት ጊዜ። እጄም ተላጠ።»

«ይበልሽ።»

«ይበለኝ» አለች።

ከዚያ መናገር ጀመረ። አልጮኸም። ማርሊስ ቢጮኽባት ትመርጥ ነበር።

«አንቺን ሰምቼ አሥራ አንድ ጨዋታ ነው የገዛሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ። አንዱንም አልጨረስኩም። ሁሉም ላይ የሆነ ቦታ ስደርስ እጄ ይዘገይብኛል፤ የወንበሩን ክንድ ዞሬ እስክደርስ ያልቃል። አንቺ ደግሞ ጨረስኩት፣ ጨረስኩት ትያለሽ። እሷም ከወንበር፣ እኔም ከወንበር፤ እሷ ከደረሰች እኔ ለምን አልደርስም አልኩ። እግሬ ማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ ነው የቀረው። አሁን ደግሞ እጄ እየሄደ ነው ብዬ አሰብኩ። ለሐኪሙ ነገርኩት። እጄ እየዘገየ ነው፣ እየባሰበት ነው አልኩት። እሱም የጡንቻውን ኪኒን ጨመረልኝ። በዓመቱ ደግሞ ጨመረልኝ። ኪኒኑ ያስተኛል፣ ታውቂያለሽ? ምሳ በልቼ ጭልጥ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር ካየሁ ቆየሁ።»

ማርሊስ ወረቀቷን አየች። እዚያ ላይ ለዚህ የሚሆን ነገር አልተጻፈም።

«ዘጠነኛው ላይ ስሰጥም ተናድጄ ጻፍኩልሽ» አለ። «ስጽፍልሽ ጊዜ፣ ምናልባት ጨዋታው ይሆናል የሚል ትንሽ ተስፋ ነበረኝ። መልስሽን ሳነብ አረፍኩት። በቃ፣ እጄ ነው አልኩ።»

«አቶ ፕሩደን…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እጄ ደህና ነው ማለት ነው እንግዲህ?»

በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ «አዎ» ማለት ያማራት ጊዜ የለም። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ደህና ነው፣ ደህና ነው ብላ ልትጮህለት ፈለገች። ዋጠችው።

«አላውቅም» አለች። «የጨዋታውን አውቃለሁ፤ እሱ በእርስዎ ወንበር አይሠራም። እጅዎን ግን አላየሁትም። ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ፤ ስለ ወንበሩ ክንድ ይንገሩት፤ እንደገና ይየው። ዛሬውኑ ይደውሉ።»

«አላውቅም?» አለ ኤልዊን፤ አሁን ነው የጮኸው። «ሦስት ዓመት አዎ፣ አዎ፣ አዎ ስትዪኝ ከርመሽ፣ ዛሬ ነው አላውቅም የምትዪኝ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው።